ድንኳናችሁን ከውሃው ዳር አርቁ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ከኮምቦልቻ ስድስት የሥራ ባልደረቦች ናችሁ፣ ሦስታችሁ ሴቶች፤ አንዳችሁም ድንኳን ውስጥ አድራችሁ አታውቁም። ከመስቀል በኋላ ሁለት ሌሊት አውጥታችሁ ፏፏቴ ማየት አሰባችሁ። «የት እንሂድ፣ ምን እንያዝ፣ ፏፏቴው ሥር ድንኳን ተክለን የውሃውን ድምፅ እየሰማን ማደር ይቻላል ወይ?» ብለሻል። እስካሁን የመለሱልሽ ሁሉ የቦታ ስም ነው የዘረዘሩት። እኔ ግን ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። አይቻልም። ምክንያቱን ደርሶብኝ ስለማውቀው ላጫውትሽ።

የዛሬ ስምንት ዓመት ግድም አራት ጓደኛሞች ሆነን ከኮምቦልቻ ቁልቁል፣ በሐርቡ አቅጣጫ፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ከሚገቡት ወንዞች በአንዱ ዳር ለማደር ወረድን። ነሐሴ እያለቀ ነበር። ወንዙ ቁርጭምጭሚት የማይደርስ፣ ዳሩ ለጥ ያለ ደረቅ አሸዋ፤ ለጎን የሚመች፣ ድንጋይ የሌለበት። ድንኳን የሚተክል ሰው ከዚያ የተሻለ ቦታ አይመኝም። አመሻሹ ላይ ከብት እየነዱ ያለፉ አንድ አባት ቆም ብለው «ልጆቼ፣ እዚህስ አትደሩ፤ ላይ ጠቁሯል» አሉን። እኛም ቀና ብለን አየን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አመስግነን ሸኘናቸውና እራታችንን በላን።

እሳቸው «ላይ» ያሉት ሰማዩን አልነበረም፤ ደጋውን ነው። ይህ የገባን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ከሩቅ ሲኖትራክ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ጉርምርምታ ሰማን። በአካባቢው መንገድ የለም። አንዱ ጓደኛችን በእጅ ባትሪ ሲያበራ ውሃው ድፍርስ ቡና መስሏል፣ ጭራሮና ቅጠል ይዞ ይወርዳል። ጫማ ያደረገ በጫማው፣ ያላደረገ በባዶ እግሩ ዳገቱን ቧጠጥን። ድንኳኑ፣ ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ የአንዳችን መታወቂያ ከነቦርሳው ሄደ። እኛ ያለንበት አንዲት ጠብታ አልዘነበም። ጠዋት ወርደን ስናይ የተኛንበት አሸዋ ላይ ሁለት ሰው የማያነሳው ግንድ ተጋድሞበታል። ያንን ግንድ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የአገራችን አቀማመጥ ነው ነገሩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመኪና 25 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል። በደጋዎቹ በጦሳ፣ በኩታበርና በየጎፍ ላይ የወረደ ዝናብ ታች ያለው ሰው ደመና እንኳ ሳያይ ይደርስበታል፤ ደራሽ ጎርፍ የተባለውም ለዚህ ነው። ፏፏቴ ሥር ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ግራና ቀኙ ገደል ስለሆነ የምትሮጪበት የለም። በዚያ ላይ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ገደል በመስከረምና በጥቅምት ድንጋይ ይለቃል። የደሴ ሰው መሬት ሲንሸራተት ምን እንደሚመስል መንገር አያሻውም።

ስለዚህ ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ወንዙን ሳይሆን ቁጥቋጦውን እዩ። ያለፈው ሙላት የተወው ገለባና ፌስታል ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። ውሃው እስከዚያ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ምልክት በብዙ ከፍ በሉ፣ ከገደል ሥርም ራቁ። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮ መሸከም ከጀመረ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ዕቃ ልሰብስብ ሳትሉ ወደ ላይ። የአካባቢው ሰው «አትደሩ» ካለ ደግሞ «ለምን?» ብላችሁ አትከራከሩ፤ «እሺ፣ የት እንደር?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ያንን አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ እኒያ አባት ቤታቸው ይወስዱን ነበር፤ ወሎ ውስጥ መሽቶበት ደጅ የሚያድር እንግዳ የለም። የውሃው ድምፅ እንደሆነ ከአፋፉ ላይ ሆናችሁም ሌሊቱን ሙሉ ይሰማል፤ እንዲያውም ከሩቅ ነው የሚያምረው።

ወቅቱን በደንብ መርጣችኋል። አብዛኛው ዝናባችን በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል፤ ከመስቀል በኋላ መንገዱ ይደርቃል፣ ፏፏቴው ግን ገና አልጎደለም። ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት ማለቂያ ያለው ጊዜ ለዚህ የተሠራ ነው። ከኅዳር ወዲያ ብዙው እየቀጠነ ይሄዳል። የእኛ ደጋ በልግ ስላለው በመጋቢትና በሚያዝያ ትንሽ ነፍስ የሚዘራ አለ፤ እሱን ግን አምናችሁ ፕሮግራም አትያዙበት።

አሁን ወደ ቦታው። የምመክርሽ ሁለቱን ሌሊት አሁኑኑ ሩቅ ቦታ እንዳታውሉት ነው። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ ደሴ ወጥታችሁ ጦሳን ውጡት። ከተማዋን ከላይ እያያችሁ የማን ጫማ እንደሚቆርጥ፣ ማን ውሃ ቶሎ እንደሚጨርስ፣ ማን ዳገት ላይ ዝም እንደሚል ታውቃላችሁ፤ ሳይናገር የሚደክም ሰው በጣም ያሳስበኛል። ለእናንተ የሚቀርበው የየጎፍ ደን ነው፤ ከኮምቦልቻ አፍንጫ ሥር ጽድና ወይራ ያለበት ተራራ ይዛችሁ ነው ሩቅ የምታማትሩት። ደን የተከለለ ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አነጋግሩ። ወደ ደሴ ስትወጡ ደግሞ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ቆም በሉ፤ በክረምቱ መውጫ ከገደሉ ላይ ነጭ ክር መስለው የሚወርዱትን ውሃዎች ታያላችሁ። አብዛኞቹ ስም የላቸውም፣ በጥር ብትመለሱ የሉም። ቦርከና ራሱ በዶሮ መዝለያ በኩል ጠባቡን ገደል ሰብሮ ሲወርድ ማየት ያስደስታል፤ ግን ከላይ ሆናችሁ እዩት እንጂ አትግቡበት። የሁለቱን ከተሞች ፍሳሽ የሚሸከም ወንዝ ነው፤ አይጠጣም፣ አይዋኝበትም። ታች ቆላው ላይ ዝግ ብሎ የሚፈስና የሚተኛ ውሃ ሁሉ ብልሃርዚያ ሊኖርበት ስለሚችል እግራችሁን እንኳ አትንከሩ። 

ለመጀመሪያው ሌሊት ሐይቅን እመርጥላችኋለሁ። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ላይ አርዲቦ የሚባል ሌላ ሐይቅ አለ፣ ታች ራሱ ሐይቅ፤ የአርዲቦ ትርፍ ውሃ ወደ ሐይቅ ነው የሚወርደው፣ በሁለቱ መካከል በእግር መሄድ ራሱ ሙሉ ቀን የሚያስደስት ነው። ፏፏቴ ብላችሁ አትጠብቁ፤ ድንኳን መትከል፣ ሌሊት መነሳት፣ በጤዛ መንቃት የምትለማመዱበት ነው። ሴቶቹ አስቀድማችሁ እንድታውቁት፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ የወንዶች ገዳም ስለሆነ ሴት አይገባም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ታላቅ ቦታ ነው፤ ወንዶቹ ሊሳለሙ ቢገቡ እናንተ በሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ ያዙ፣ አይቆጫችሁም።

እውነተኛውን ፏፏቴ ካላችሁኝ ግን ልቤ ያለው ሰሜን ተራሮች ላይ ነው፤ ጅንባር። የጅንባር ወንዝ ከሳንቃበር ወደ ግጭ (ሁለቱም የፓርኩ የድንኳን ማደሪያዎች ናቸው) በሚወስደው መንገድ ላይ 500 ሜትር ገደማ ወደ ገደል ይወረወራል። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በጥቅምት ስሄድ ነጭ ዓምድ ነበር፣ ከታች የሚነሳው ጉም መልሶ እኛ ጋ ይደርስ ነበር። በየካቲት ስመለስ ድንጋዩ ላይ ያለ እርጥብ መስመር ብቻ አየሁ፤ አብሮኝ የነበረው የአጎቴ ልጅ «ይሄ ነው?» አለኝ፣ መልስ አልነበረኝም። ለዚህ ነው ስለ ወቅት ይህን ያህል የማወራው። ጢስ ዓባይም ቢሆን 40 ሜትር ከፍ የሚል ታላቅ ፏፏቴ ነው፤ ግን ውሃው በከፊል ወደ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚዞር ከመሄዳችሁ በፊት ባሕር ዳር ያለ ሰው ጠይቁ፣ በሰፊው የምታገኙትም ክረምቱ መውጫ ላይ ነው።

ለጅንባር ሁለት ሌሊት አይበቃም፤ መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ይበላባችኋል። ደሴ፣ ወልዲያ፣ ወረታ፣ ጎንደር፣ ከዚያ ደባርቅ። አንድ ሳምንት ፈቃድ ስታገኙ አስቡት። የመንገዱን ሰላም ደግሞ በዚያው ሳምንት ከሾፌሮችና እዚያ ካለ ሰው አጣርታችሁ ተነሱ፤ ባለፈው ወር የሄደ ሰው ወሬ አይበቃም። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው። እዚያ ትመዘገባላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ይመደብላችኋል። ስካውቱ ግዴታ ነው፣ እንደ ዘበኛም አትዩት፤ ጭላዳ ዝንጀሮው የት እንደዋለ፣ ጉሙ መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው ነው። ከምትበሉት አካፍሉት፣ ሌሊትም የሚደርበው እንዳለው ጠይቁ።

ከፍታውን አትናቁ። ደባርቅ አንድ ሌሊት እደሩ፣ በማግስቱ ሳንቃበር (3,250 ሜትር)፣ ከዚያ በኋላ ነው ግጭ (3,600 ሜትር)። የደሴ ሰው ደጋውን ለምዶታል፣ እናንተ ግን ከኮምቦልቻ ነው የምትነሱት። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ውሃ ጠጥቶ ማረፍ፤ ማስመለስና መንገዳገድ ከመጣ በዚያው ሌሊት ቢሆንም መውረድ ነው፣ ሌላ መድኃኒት አትፈልጉ። ብርዱን እንዲህ አስቢው፦ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ኮምቦልቻ በአንሶላ የምትተኙበት ሌሊት ሳንቃበር ላይ ውርጭ ሊጥል ይችላል። ጅንባርን የምታዩበት አፋፍ ደግሞ አጥር የለውም፣ ሣሩ በጤዛና በጉም ያንሸራትታል። ፎቶ የምታነሱት ሰው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳይሄድ።

የሚያዘው ነገር ብዙዎች እንደሚሉት ውድ አይደለም። ጫማ ከሰልባጅ ገበያ ቆርቆሮ የመሰለ ሶል ያለው ሳይሆን የሚተጣጠፍ፣ የጎማው ጥርስ ያላለቀ ፈልጉ፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንትም ሥራ ላይ አድርጉት። ጋቢ እወዳለሁ፤ ግን ከረጠበ ድንጋይ ነው፣ ድንኳን ውስጥ ብቻ ይዋል። ለሌሊት የመኝታ ከረጢት ተከራዩ ወይም ተዋሱ፣ ከሥር ወፍራም ፍራሽ ነገር ይኑር፤ ብርዱ ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነው የሚገባው። ደረቅ ካልሲና የሌሊት ልብስ በፌስታል ጠቅልላችሁ ለብቻ አስቀምጡ፣ ምንም ቢሆን ቀን አትልበሱት። ምግብ ላይ የእናቶቻችንን ስንቅ የሚያህል የለም፦ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ። ሳንቃበር ላይ ውሃ የሚፈላው በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክክና ሩዝ አልበስል እያለ ጋዛችሁን ይጨርሳል፤ በሶ ግን እሳት አይጠይቅም። ለመጠጥ የምታፈሉትን ውሃ ደጋ ላይ ትንሽ አቆዩት። ለማገዶ ብላችሁ አስታም ሆነ ወይራ አትቁረጡ፤ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይበቃል፣ ቡናውም በእሱ ይፈላል። አወል፣ ቶና፣ በረካ ሳይጓደል ያፈላንባት ምድጃ እስካሁን አለችኝ።

ስለ መጸዳጃ በግል የጠየቅሽውን እዚህም ልመልሰው፣ ሌሎችም ስለሚያፍሩ ነው። ከውሃ ከ60 እስከ 70 እርምጃ ርቃችሁ፣ ትንሽ መቆፈሪያ ይዛችሁ፣ ቆፍሮ መቅበር። ወረቀቱንና የንጽሕና መጠበቂያውን በፌስታል ይዛችሁ ውረዱ። የታች መንደር ሰው የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው። ሴቶቹ ሌሊት ስትወጡ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ውጡ፣ ለመቀስቀስም አትፈሩ።

ስድስት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ አንድ የለመደ ሰው ቢኖር ይቀላል። እኔ በዚህ ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ጦሳን እወጣለሁ። ሦስት ሰው የምትይዝ ድንኳን አለችኝ፤ ከዚያ ጎርፍ በኋላ የገዛኋት ናት። መትከሉን ላሳያችሁ፣ ከተመቻችሁም ለሐይቁ ሌሊት ውሰዷት። አብሽሩ፣ ቀኑን ብቻ እዚሁ ጻፉልኝ።