ጀምረሽ ለማትጨርሺው ልብስ

ዚፕና ገበር ያለውን ቀሚስ ለጊዜው አስቀምጪው። "ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ማታ ያለችኝ ግማሽ ሰዓት ናት፣ ለሥራ የሚለበስ ምን ልስፋ?" ላልሽው መልሴ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ጉርድ ቀሚስ ነው። በሦስት ማታ ያልቃል።

በመጀመሪያው ማታ መቁረጥ ብቻ። ዳሌሽ 100 ሴንቲ ከሆነ 65 ሴንቲ ወርድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይበቁሻል። የጨርቁ ወርድ 150 ሴንቲ ከሆነ ሁለቱም ጎን ለጎን ይወጣሉ፤ ስለዚህ 1 ሜትር ብቻ ትገዣለሽ። ቁራጩን፣ ክሩንና ላስቲኩን አንድ ፌስታል ውስጥ ክተቺ። እኔን በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው፤ ልጆቹ ሲተኙ ዕቃ ፍለጋ ጊዜዬ አይባክንም።

በሁለተኛው ማታ ጎንና ጎኑን ስፊ፣ እንዳይተረተር ጠርዙን በዚግዛግ ምቺው።

በሦስተኛው ወገቡን 4 ሴንቲ አጥፈሽ፣ ላስቲኩ የሚገባበት ትንሽ ክፍተት ትተሽ ስፊና 2.5 ሴንቲ ስፋት ያለውን ላስቲክ በመርፌ ቁልፍ አስገቢ። ላስቲኩ ከወገብሽ ልክ 5 ሴንቲ ያህል ይጠር። መብራት ከጠፋ የታችኛውን እጥፋት በእጅ ስፊው። እንዲያውም የእጅ ስፌት ከውጭ ስለማይታይ ያምራል።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። ጥጥ ጨርቅ ሳታጥቢ አትቁረጪ። ከመርካቶ በገዛሁት ጥጥ ከጉልበት በታች የሚወርድ ጉርድ ሰፍቼ ነበር። አንዴ ሲታጠብ ከጉልበቴ በላይ ቀረ። የሦስት ማታ ልፋቴ ነበርና በጣም አዘንኩ። ማታ ዘፍዝፊው፣ ጠዋት አስጪው፣ ተኩሰሽ ቁረጪ።