ጃቫ ጫንኩ፣ ግን አይሠራም፦ ጥያቄና መልስ

ጄዲኬ (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ኪት) ስለመጫን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት አብዛኞቹ ዞሮ ዞሮ የፓዝ ጉዳይ ናቸው፤ ፓዝ ኮምፒውተሩ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ላይ ጃቫ ስል ይመልሳል። ጃቫሲ ስል ግን አላውቀውም ይለኛል። ምን ላድርግ ወንድሜ?

መልስ፦ ምናልባት ያለህ ጄአርኢ ብቻ ነው። እሱ ያለቀለትን ፕሮግራም ያስነሳል እንጂ ኮድ ኮምፓይል አያደርግም፣ ማለትም የጻፍከውን ኮድ ወደሚነሳ ፕሮግራም አይቀይርም። ኮምፓይል የሚያደርገው ጃቫሲ የሚገኘው ጄዲኬ ውስጥ ነው። ጄዲኬ ጭነህም ከሆነ ፓዝ ላይ አልገባም ማለት ነው። የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ ግባና ጃቫ ሆም የሚለውን ለጄዲኬው ፎልደር ስጠው። ውስጡ ያለውን ቢን የሚባል ፎልደር ደግሞ ፓዝ ላይ ጨምር። ጃቫ ሆም ላይ ቢንን እንዳታስገባ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕቱን ዘግተህ ክፈት፤ ቀድሞ የተከፈተው አዲሱን ፓዝ አያየውም። በዚች ነገር እኔም ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ።

ጥያቄ፦ የቱን ቨርዥን?

መልስ፦ መሥሪያ ቤትሽ የሚጠቀመውን። ለራስሽ ከሆነ 21 ይበቃሻል። ለረጅም ጊዜ ድጋፍ ከሚሰጣቸው አንዱ ነው፤ 8፣ 11፣ 17 እና 25ም እንደዚያው። ቴሙሪን የሚባለውን ጄዲኬ ብታወርጂ ነፃ ነው፣ ለሥራም ጭምር።

ጥያቄ፦ ማኬ ኤም1 ነው።

መልስ፦ ለኤም1 ዓይነት ፕሮሰሰር የተሠራውን፣ ኤአርች64 የሚለውን አውርድ። ለኢንቴል ማክ የሆነው ኤክስ64ም ሮዜታ በሚባለው የአፕል መተርጎሚያ በኩል ይሠራል፣ ግን ለምን ታዘገየዋለህ?

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይስ?

መልስ፦ ተርሚናል ላይ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ብለህ ኦፕንጄዲኬ-21-ጄዲኬ ጻፍ። መጨረሻው ጄአርኢ የሆነውን እንዳትወስድ።

ጥያቄ፦ «ክላስ ፋይል ቨርዥን 65» የሚል ስህተት ያወጣል።

መልስ፦ ከቁጥሩ 44 ቀንሺ። 65 ማለት ጃቫ 21 ነው፣ 61 ደግሞ 17። ኮዱ በ21 ኮምፓይል ተደርጎ በአሮጌ ጃቫ እያስነሳሽው ነው።

ጥያቄ፦ የግቢው ላብ ኮምፒውተር አድሚን ፓስወርድ ይጠይቃል። ዳታዬም እያለቀ ነው።

መልስ፦ ዋይፋይ ያለበት ቦታ የጄዲኬውን ዚፕ አንዴ አውርደህ በፍላሽ ያዘው። መጫን አያስፈልገውም፤ ከዚፕ ማውጣት ብቻ ነው። ፓዙን ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ መስኮት ላይኛው ግማሽ ባለው በራስህ ዩዘር ክፍል ሙላ፣ እዚያ ፓስወርድ አይጠይቅም። ኮምፒውተሩ ላይ አሮጌ ጃቫ ካለ ግን የሲስተሙ ፓዝ ይቀድምብሃል። ያኔ ጃቫሲን ከነሙሉ አድራሻው ጻፈው።