የተገኘ ሳንቲም፦ ስህተት ነው ወይስ ጉዳት? ጠይቁኝ

ሳንቲም ስሰበስብ ዓመታት አልፈውኛል፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ። ከፋብሪካው ሳይወጣ የተበላሸ ሳንቲም «ስህተት» ይባላል፣ ሰብሳቢ ይፈልገዋል። ከወጣ በኋላ የተበላሸ ጉዳት ነው፣ በቃ። እና እባካችሁ፣ አታጽዱት!

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጠርዙ በጥርስ የተገመጠ የሚመስል ሳንቲም አገኘሁ። ሰው ቆርጦት ይሆን?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። ሳንቲም መጀመሪያ ላሜራ ነው። መብሻው ላሜራውን ክብ ክብ አድርጎ ያወጣዋል። ላሜራው በቅጡ ወደፊት ካልሄደ መብሻው ቀድሞ የበሳው ቀዳዳ ላይ ተደርቦ ያርፋል። ያን ጊዜ የተገመጠ ክብ ይወጣል።

አሁን ጉድለቱን ተወውና ትይዩውን ጠርዝ እይ። ክቡ ከመታተሙ በፊት ጠርዙን ከፍ የሚያደርግ ማሽን ግራና ቀኝ ይጨምቀዋል። በአንድ በኩል ብረት ከሌለ በሌላው በኩል ግፊቱ ይላላል። ስለዚህ ከጉድለቱ ፊት ለፊት ያለው ጠርዝ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። ሰብሳቢዎች የብሌክስሊ ምልክት ይሉታል። ሁልጊዜ ጎልቶ አይታይም፤ ከታየ ግን ልብ ይሞላል። ጉድለቱ አጠገብ ያሉት ፊደሎችም ወደ ክፍተቱ ሳሳ ይላሉ። በመቁረጫ የተቆረጠ ላይ ግን ፊደሉ መሃል ለመሃል ተበጥሶ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ የሚገርም ሳንቲም አለኝ፣ ብርቅ ነው?

መልስ፦ ምኑ ነው የሚገርመው? ክብደቱን፣ ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ይዘህ ና።

ጥያቄ፦ በሁለቱም በኩል ዘውድ ነው። ጎፈር የለውም!

መልስ፦ የአስማተኛ ሳንቲም ነው። አንዱን ፈልፍለው ሌላውን ይከቱበታል። ከጠርዙ ውስጠኛ ጥግ ዙሪያውን ቀጭን መስመር ፈልግ።

ጥያቄ፦ የ1943 የአሜሪካ አንድ ሳንቲም አለኝ፣ መልኩ መዳብ ነው። ሀብታም ሆንኩ?

መልስ፦ ቀስ በል። በዚያ ዓመት መዳብ ለጦርነቱ ስለተፈለገ ዚንክ በተቀባ ብረት ነው የታተመው። በስህተት በመዳብ የታተሙት በጣም ጥቂት ናቸው። ማግኔት አስጠጋ፤ ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ካልሳበውም መዝነው፦ መዳቡ 3.11 ግራም፣ ብረቱ 2.7 ግራም ነው። ክብደቱ ልክ ከሆነ ደግሞ የዓመቱን መጨረሻ ቁጥር፣ 3ን፣ በአጉሊ መነጽር እይ፤ የ1948ን 8 ሞርደው 3 የሚያደርጉ አሉ።

ሌላ አባል፦ እኔ በሎሚና በጨው አጥቤ ነው ቁጥሩን የማነበው፣ ምንም አልሆነም።

ሌላ አባል፦ ምንም አልሆነም? ቆዳውን እኮ ነው የገፈፍከው!

ሌላ አባል፦ ታዲያ ካልተነበበ ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ተዉ እንጂ! ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ሳትፈትጉ አድርቁት። ሎሚም ኮምጣጤም የጥርስ ሳሙናም አታስነኩት። ስንቴ ልበል?

ጥያቄ፦ ዓመቱ ድርብ ሆኖ ይታያል።

መልስ፦ ድርቡ ጠፍጣፋ ደረጃ ከመሰለ ማህተሙ ሲመታ ተንቀሳቅሶ ነው፣ ዋጋ የለውም። ሁለቱም ቁጥሮች ሙሉና ድቡልቡል ከሆኑ ማህተሙ ራሱ ድርብ ነው፤ እሱን አሳየኝ።

ጥያቄ፦ እኔም ጠርዙ የተገመጠ አለኝ። ብርቅ ነው?

መልስ፦ ከላይ አንብብ! ትይዩውን ጠርዝ ፎቶ አንሳና ላክ።

ጥያቄ፦ ላክሁ። እንዲታይ ብዬ ትንሽ ወልወል አደረግሁት።

መልስ፦ ትይዩው ጠርዝ ሙሉ ነው፣ የተቆረጠው ጫፍም ወደ ላይ ተቀልብሷል። መቁረጫ ነው። ቀድሞውንም ጉዳት ስለሆነ መወልወልህ ምንም አላበላሸም።