ድንቹ ከውጭ ንጹህ፣ ከውስጥ ጥቁር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከሻሸመኔ ያስመጣሁት ድንች ልጣጩ ንጹህ ነው። ስልጠው ግን ከሥሩ ጠቋቁሯል። በሽታ ነው?

መልስ፦ በሽታ አይደለም፣ በልዟል። ድንች ሲወድቅ ልጣጩ ሳይቀደድ ከሥሩ ያሉት ሴሎች ይፈርሳሉ። ሴሉ ደህና እያለ ታይሮሲን የሚባለው አሚኖ አሲድና ፖሊፌኖል ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይም ተለያይተው ነው የሚኖሩት። ሲፈርስ ይገናኛሉ። ከኦክስጅን ጋር መጀመሪያ ቀላ ይላል፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻ ሜላኒን የሚባለው ጥቁር ቀለም ሆኖ ይጠቁራል። የፀጉራችን ሜላኒንም የሚነሳው ከታይሮሲን ነው። ድንቹ ከተመታ በኋላ እስኪጠቁር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈጃል። ሲጫን ንጹህ የነበረው እናንተ ጋ ጠቁሮ የሚገኘው ለዚህ ነው። እኔ አንዱን ድንች ከወገቤ ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ጣልኩት። ልጣጩ ላይ ምንም የለም። በሁለተኛው ቀን ስልጠው ጥፍር የሚያህል ጥቁር ነገር ወጣ። እባካችሁ ኩንታሉን አትወርውሩ!

ጥያቄ፦ የእኔም ይጠቁራል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጥሬው ነው የተቀቀለው? ልጣጩ ሥር ነው መሃሉ? በደንብ ጠይቁ እንጂ።

ጥያቄ፦ የተቀቀለው ነው፣ ሲቀዘቅዝ ግራጫ ይሆናል።

መልስ፦ እሱ ሌላ ነው። ድንቹ ውስጥ ያሉት ብረትና ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባለው ነገር ተያይዘው ነው። ውሃው ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊበት።

አንድ የቡድናችን አባል፦ ጥፋቱ የዩሪያ ማዳበሪያ ነው። ድሮ እንዲህ አልነበረም።

ሌላ አባል፦ እኛ በፍግ ብቻ ነው የምናመርተው፤ ይጠቁራል።

አንድ አባል፦ ዘሩን ቀይሩ እንግዲያው።

ሌላ አባል፦ ዘር በየት ተገኝቶ!

መልስ፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። ፖታሲየም ያነሰው ድንች ቶሎ ይበልዛል፣ ይህ እውነት ነው። ዝርያውም ለውጥ ያመጣል። ያልተመታ ድንች ግን አይበልዝም። አትወርውሩ።

ጥያቄ፦ ሙቀት እንዳያበላሸው ገና ሳይነጋ እንቆፍራለን። ልክ ነን?

መልስ፦ ድንቹ ራሱ ከ10 ዲግሪ በታች ከቀዘቀዘ በቀላሉ ይጎዳል። ፀሐይ አፈሩን እስክታሞቀው ጠብቁ። ከዚያ ጥላ ሥር አድርጉት። ቅጠሉንም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀድማችሁ እጨዱ፣ ልጣጩ ይጠነክራል። ስትገለብጡ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ አይውደቅ። ስንዝር እንኳን አይሞላም።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ የሆነውስ?

መልስ፦ ብርሃን ነው። ሶላኒን የሚባል መርዝ ስለሚኖረው አትብሉት።

ጥያቄ፦ ጥቁሩ በሽታ ነው እንዴ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ አንብቡ። ጥቁሩን ቆርጣችሁ ጣሉ፣ የቀረው ይበላል።