ከጡረታ በኋላ የቤት ወጪ፦ እኛ ቤት እንዴት እንደያዝነው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ባለቤትሽ በመጪው ሐምሌ 60 ዓመት ሞልቶት ጡረታ ይወጣል። 34 ዓመት በሲቪል መሥሪያ ቤት አገልግሏል። የምትኖሩት በራሳችሁ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ ልጅም ቤት አለ። «አስቤዛውን ከየት እንቀንስ? ቤቱን አከራይተን ወደ ዳር እንውጣ ወይ? ዲኤስቲቪውንስ እናቋርጥ?» ብለሻል። እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ጡረተኞች ነን፣ የምንኖረውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሒሳብ ክፍል ስሠራ ስለኖርኩ ከቁጥሩ ልጀምርልሽ።

ብዙ ሰው ጡረታውን የሚገምተው ዛሬ እጁ ላይ ከሚገባው ገንዘብ ተነስቶ ነው። አሠራሩ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት አገልግሎት 30 በመቶ ያስገኛሉ። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። የባለቤትሽ 34 ዓመት እንግዲህ 60 በመቶ ይመጣል። የምን 60 በመቶ? የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ። ደመወዙ በቅርቡ ተጨምሮ ከሆነ አማካዩ ከዛሬው ዝቅ ይላል። ውሎ አበል፣ የትራንስፖርት አበል ምናምን ደግሞ ስሌቱ ውስጥ የሉም። አማካዩ 15,000 ብር ከሆነ ጡረታው 9,000 ብር ነው። ደስ የሚለው ነገር፣ የ7 በመቶ መዋጮውና የደመወዝ ግብሩ ከዚያ በኋላ አይቆረጡም። ስለዚህ አሁን ካለው የተጣራ ደመወዝ ጋር አነጻጽሪው፤ ክፍተቱ መጀመሪያ ካስደነገጠሽ ያነሰ ይሆናል።

ወረቀቱን ከአሁኑ ያዙት። የቅጥር ፎርሙ ላይ ያለው ስምና የልደት ዘመን ከመታወቂያውና ከፋይዳው ጋር ይግጠም። አንዲት ፊደል ስትለያይ ሰው ስንት ቢሮ እንደሚመላለስ ከሥራዬ አውቃለሁ። የጋብቻ ማስረጃችሁም ፋይሉ ውስጥ ይግባ። ክፉ አታውሪ አትበይኝ፤ ባል ቀድሞ ካለፈ ሚስት ከጡረታው 50 በመቶ ታገኛለች፣ ማስረጃው ከሌለ ግን በሐዘን ላይ ፍርድ ቤት መንከራተት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ እስኪጀምር የሁለት ሦስት ወር አስቤዛ የሚሆን ብር በእጃችሁ ይኑር።

አሁን ወደ ወጪው። የወር በጀት ብቻ መያዝ ለጡረተኛ አይበቃም። እኛ ዓመቱን ነው የምናስበው። የእኛ አገር ወጪ በወር እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም፤ በዓል ላይ፣ ክረምት ላይ፣ መስከረም ላይ ተሰብስቦ ይመጣል። እንቁጣጣሽና መስቀል ተከታትለው ይመጣሉ፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካለ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርሙ በዚያው ሰሞን ነው። ከየወሩ ጡረታ ትንሽ ትንሽ ለበዓል ካላስቀመጥሽ ዶሮውን የምትገዢው በብድር ነው። ጤፍ አዲሱ ምርት ገበያ ሲገባ፣ ጥርና የካቲት አካባቢ፣ በኩንታል እንገዛለን። ካልቻልን ከዘመድ ጋር ተካፍለን። በርበሬም እንደዚያው በወቅቱ። ሽንኩርት በክረምት ስለሚወደድ ያኔ ወጡን ቀጠን ማድረግ ነው እንግዲህ! የእሁድ ገበያና የሸማቾች ሱቅ የምንሄደው በማለዳ ነው። ለበዓል ሥጋ ከሉካንዳ ይልቅ ቅርጫ ይሻላል፤ ሠፈር ውስጥ ከሚታወቁ ሰዎች ጋር ከሆነ።

ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አስቤዛው ላይ ብዙ አትጨነቂ። ሁለት ሰዎች ሽሮና ምስር በልተው የሚያወጡት ይታወቃል። ከዚያ ላይ ቢቀነስ ቢቀነስ የሚተርፈው ትንሽ ነው፣ ቤቱን ግን ያስከፋል። ትልቁ ቀዳዳ ይሉኝታ ነው። የሥራ ባልደረባ የነበረ ልጁን ይድራል፤ «ስንት ዓመት አብረን ሠርተን እንዴት ባዶ እጄን እሄዳለሁ» ይባላል። ክርስትና አለ፣ ምርቃት አለ፣ ተዝካር አለ፣ የፅዋ ማኅበር ተራ አለ። በደመወዝ ጊዜ የለመድነውን የስጦታ መጠን በጡረታ ይዘን ልንቀጥል አንችልም። እኔና ባለቤቴ ቁጭ ብለን ለያየነው። እድር አይነካም። መዋጮው ትንሽ ነው፣ የሚመጣበት ቀን ደግሞ ክፉ ቀን ነው። ሁለት ቦታ ያለ እድር ግን የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ አንዱ፣ የምትኖሩበት ሠፈር ያለው ይበቃል። ማኅበር ላይ «ተራዬ ሲደርስ በዳቦና በጠላ ነው» ብዬ በግልጽ ተናገርኩ። መጀመሪያ ዝም ተባለ። በኋላ ሌሎቹም እንደዚያው አደረጉ፤ ለካ ሁሉም ሰው አንድ ቀዳሚ ነበር የሚጠብቀው። ሠርግ ላይ በአቅማችን እንሰጣለን፤ ለቅሶ ላይ ግን ጊዜያችንን እንሰጣለን። ጡረተኛ ጊዜ አለው፣ አብሮ ማምሸት ደግሞ ከገንዘብ በላይ ይታወሳል።

እቁብ ብትጠይቂኝ፣ ትንሽ የሆነ፣ ከሚያውቁት ሰው ጋር፣ ለታወቀ ጉዳይ ከሆነ ጥሩ ነው። ለምሳሌ ለጤፉ ኩንታል። ከጡረታው ግማሹን የሚወስድ እቁብ ግን ራስን ማስራብ ነው።

ሌላው ስለ ባለቤትሽ ነው፣ ይሄን የሚያነሳ ሰው የለም። 34 ዓመት ጠዋት የሚወጣ ሰው በድንገት ቀኑን ሙሉ ሳሎን ይቀመጣል። ምሳ እቤት፣ ሻይ እቤት፣ «ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ» እቤት። ካፌ ከወጣ ደግሞ ማኪያቶው የብቻው አይደለም፤ የድሮ ጓደኞቹን ይጋብዛል፣ ወንድ ልጅ ሒሳብ ሲመጣ እጁን ኪሱ ሳይከት አይቀርም። እኛ ቤት መፍትሔው የኪስ ገንዘብ ነው። ለእሱም ለእኔም፣ እኩል፣ ሁለታችንም «ምን ላይ አዋልከው» የማንጠያየቅበት። ትንሽ ቢሆንም ጭቅጭቁን ግማሽ በግማሽ ቀንሶልናል። አስቤዛ መግዛቱን ደግሞ ለእሱ ተውኩለት። በመጀመሪያ ሰሞን ፊት ለፊቱ ያገኘውን ቲማቲም ነበር ሰብስቦ የሚመጣው። አሁን ሦስት መደብ ሳይዞር አይገዛም፣ ዋጋውን ከእኔ በላይ እሱ ያውቃል።

ልጁን በሚመለከት፦ ሥራ እስኪያገኝ አብሯችሁ ይብላ፣ ይሄ ቤቱ ነው። ሥራ የያዘ ዕለት ግን መብራትና ውኃው፣ ወይም ዋይፋዩ በእሱ ይሁን። ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ልማዱ ይጠቅመዋል። ለሠርጉ ብላችሁ እንዳትበደሩ።

ውጭ አገር ልጅ ወይም እህት ያለው ሰው ደግሞ የሚላክለትን ከወር ወጪ ጋር ባይቀላቅለው ይሻላል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 በላይ ሲዘል ብዙ ቤት «አለፈልን» ብሎ ነበር። ዕቃውም አብሮ ወጣ። እዚያ ያለው ልጅ ሥራ ሊያጣ ይችላል፣ ትዳር ሊይዝ ይችላል። እኛ እንዲህ ዓይነቱን ብር ለሕክምናና ለቤት ጥገና ብቻ ነው የምናስቀምጠው።

ሕክምና ካልሽ፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒት በየወሩ የሚገዛ ስለሆነ እንደ ጤፍ ቁጠሪው። በጤና ጣቢያ ክትትል ማድረግ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል መሆን፣ መድኃኒቱን የከተማው አስተዳደር በሆነው «ከነማ» መድኃኒት ቤት አስቀድሞ መጠየቅ፤ እነዚህ ሦስቱ ብዙ ያተርፋሉ።

ቤት ማከራየቱን ግን ቢያንስ አንድ ዓመት አቆዪው። በወረቀት ላይ አዋጪ ነው። ነገር ግን ወደ ዳር ስትወጡ እድሩ ይርቃል፣ ጤና ጣቢያው ይርቃል፣ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይሆናል። እዚያም የምትከራዩት ቤት ኪራይ በየጊዜው ይጨመርባችኋል። መኝታ ቤት የሚተርፍ ከሆነ ለአንዲት ሠራተኛ ልጅ ማከራየት ይቻላል፤ ጎረቤቴ እንደዚያ ነው ያደረገችው፣ ልጅቷ አሁን እንደ ቤተሰብ ሆናለች። ባለቤትሽ ያጠራቀመውን ይዞ «ሚኒባስ እንግዛ» ካለሽ ግን አጥብቀሽ ተከራከሪው። ጎማ፣ ዘይት፣ ሹፌር፣ ረዳት… መኪናው ገቢ የሚያመጣውም ገንዘብ የሚበላውም እናንተ በማታዩት መንገድ ላይ ነው።

ዲኤስቲቪውን በተመለከተ፣ ኳስ የሚያየው እሱ ከሆነ ከኪስ ገንዘቡ ይክፈል።