መሬቱ ምን እንደጠጣ ጠይቁ

ለወጣት መሐንዲሶችና አርክቴክቶች፣

ልጆቼ፣ ለገሃር ከይሁዳ አንበሳ ሐውልት አጠገብ በቆምሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በ1922 ዓ.ም. በተመረቀው የባቡር ጣቢያ ሕንፃ ላይ ሳይሆን ከጀርባው በተንጣለለው ግቢ ላይ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ጣቢያውን ወደ ከተማው ዳር ወደ ለቡ ሲያወጣው፣ የመሐል ከተማው መሬት ለሌላ ግንባታ ታጨ። በ2011 ዓ.ም. 36 ሄክታር የሚሸፍነው የለገሃር ፕሮጀክት ሲበሠር ስለ ፎቆቹ ቁመት ብዙ ሰማሁ፤ ስለ አፈሩ ብክለት ግን ሲወራ አልሰማሁም።

ይህን የምለው በራሴ ስላየሁት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በአንድ አሮጌ ጋራዥ ግቢ ለሚሠራ ሕንፃ መሠረት ሳስቆፍር፣ የአፈር ምርመራው ውጤት በእጄ ነበር። ውጤቱ መሬቱ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም በትክክል ይናገራል፤ ለዓመታት ምን ሲጠጣ እንደኖረ ግን አልተጠየቀም፣ አልመለሰም። በሁለተኛው ቀን የጉድጓዱ ግድግዳ ጠቁሮ የናፍጣ ሽታ ሲያፍን፣ አፈሩን በገልባጭ መኪና አስጭኜ አስወጣሁት። የት እንደተደፋ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ ምርመራ ስታዙ ከመሸከም አቅሙ ጋር ዘይትን፣ እርሳስ የተባለውን ብረትና የከርሰ ምድር ውሃውን ጭምር አስመርምሩ። ዋልካ አፈር ፈሳሽ አያሳልፍም ብላችሁም አትዘናጉ፤ በበጋ ሲሰነጠቅ የላይኛው ዘይት ወደ ታች የሚወርድበት መንገድ ይከፈታል። ናሙናው ከየት እንደሚወሰድ ለመወሰን ደግሞ ከማንኛውም ካርታ በፊት ጡረታ የወጡ ሠራተኞችን ፈልጉ፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያው የት እንደነበረ፣ አሮጌ ባትሪ የት ይጣል እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

በአሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ፣ የመልክዓ ምድር አርክቴክቱ ሪቻርድ ሃግ የተዘጋ የጋዝ ማምረቻን ወደ መናፈሻ ሲቀይር፣ ዘይት የሚበሉ ተሕዋስያን እንዲባዙ የተበከለውን አፈር ከብስባሽ ጋር አደባልቆ አሳረሰው። መናፈሻው እ.ኤ.አ. በ1975 ተከፈተ፤ በ1984 ግን ለብክለት ምርመራ ለጊዜው ተዘግቶ ነበር። ዘዴውን ባደንቅም፣ በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሕፃናት አፈር የሚጫወቱበትን ሜዳና በአስፋልት የሚሸፈነውን የመኪና ማቆሚያ በአንድ ሚዛን አላይም፤ የትኛው የት እንደሚያርፍ ሊወስን የሚገባው የናሙናው ውጤት ነው።

ገልባጩ መኪና ከግቢው ከመውጣቱ በፊትም ሾፌሩን የት እንደሚደፋው ጠይቁት፤ መልሱንም መዝግቡ።