የታሰረው ይላላ ወይስ እንደታሰረ ይቆይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ወንድሜ በግራይንደር ብረት ሲቆርጥ ዲስኩ ተሰብሮ ጭኑን ቀደደው። ደሙ እየተፈናጠረ ይወጣ ነበር። ከቁስሉ በላይ በገመድ አሰርንለት። ከመካከላችን አንዱ “እግሩ ይሞታል” ስላለ ግን ሐኪም ቤት እስክንደርስ በየአምስት ደቂቃው እያላላን እንደገና እናስር ነበር። ባላላን ቁጥር ደሙ ይመጣል። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፏል። ግን ትክክል ነበርን?

መልስ፦ እንኳን ወንድምዎ ተረፈ። ማሰራችሁ ልክ ነበር። ማላላታችሁ ግን ሊገድለው ይችል ነበር።

በአንድ አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። የጭን ትልቁ ደም ወሳጅ ቧንቧ ከተቆረጠ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ማሰሪያውን ባላላችሁ ቁጥር ሊረጋ የጀመረው ደም ይታጠባል፤ ትንሽ ትንሽ እያለ የሚፈሰውም ይጠራቀማል።

“እግሩ ይሞታል” ያሉት ሰው ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም። ቱርኒኬት፣ ማለትም ደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ ለረጅም ዘመን የመጨረሻ አማራጭ ነው ሲባል ኖሯል። ይህን አመለካከት በጣም የቀየረው ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ጦርነቶች የተገኘው ልምድ ነው። ደማቸው ሳያልቅ ቶሎ የታሰረላቸው ቁስለኞች በብዛት ተረፉ። በማሰሪያው ምክንያት ብቻ እግር ወይም እጅ ማጣት ግን ብርቅ ሆኖ ተገኘ። እስከ 2 ሰዓት ታስሮ የቆየ እግር አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ሁሉም ቁስል አይታሰርም። መጀመሪያ ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ፣ በሙሉ ክብደት መጫን ነው። አብዛኛው ደም በዚህ ይቆማል። ደሙ እየተፈናጠረ ከወጣ፣ ተጭናችሁት ካልቆመ ወይም እጅ ወይም እግር ከተቆረጠ ግን ጊዜ አታጥፉ፣ እሰሩ።

ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይታሰራል። ጉልበት ወይም ክርን ላይ አይታሰርም፤ ቦታው መገጣጠሚያ ከሆነ ከሱ በላይ ይሁን። ገመድ፣ ሽቦና የጫማ ክር ሥጋና ነርቭ ይጎዳሉ። የተዘጋጀ ቱርኒኬት ከሌለ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅ ይሻላል። በእጅ ጉልበት ብቻ ግን አይጠብቅም። ጨርቁን ቋጥራችሁ፣ ቋጠሮው ላይ ጠንካራ እንጨት አድርጋችሁ፣ በላዩ ደግማችሁ ቋጥሩና ጠምዝዙት። እስክሪብቶ ይሰበራል። ደሙ ሲቆም እንጨቱ እንዳይመለስ እሰሩት።

ላላ ያለ ማሰሪያ ካለማሰርም ሊብስ ይችላል። ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ብቻ ይዘጋል፤ ከልብ የሚመጣው ግን መፍሰሱን ይቀጥላል፤ እንዲያውም ይብሳል። በደንብ ጠብቆም ደሙ ካልቆመ ከመጀመሪያው ከፍ ብላችሁ ሁለተኛ ጨምሩ።

በትክክል የታሰረ ማሰሪያ ክፉኛ ያማል። ታማሚው “ፍቱልኝ” እያለ ይለምናችኋል። አንጀት ይበላል፣ አውቃለሁ። እጁን ይዛችሁ አበረታቱት እንጂ አትፍቱለት።

የታሰረበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ማሰሪያው ላይ ጻፉ። በልብስ አትሸፍኑት፤ ሐኪሙ ወዲያው ማየት አለበት። የሚፈታው ደም ማቆምና ደም መተካት የሚቻልበት ሐኪም ቤት ነው።

አንገት፣ ብብትና ብሽሽት ላይ ቱርኒኬት አይሠራም። የብብትና የብሽሽት ቁስል ከሆነ ውስጡን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅጥቃችሁ፣ ሐኪም እጅ እስኪደርስ ሳትለቁ ተጫኑት።